ኤስፒኤስኤሱ ይቆይ፣ ጥያቄው ይቅደም

ጥያቄ፦ «ደሴ የ3ኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የሪሰርች ሜትድ ኮርሱን ኤ አግኝቼበታለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አምጪ ስባል ግን እጄ ይታሰራል። ከተመረቅሁ በኋላ ማስተርስ መቀጠል እፈልጋለሁ። ክረምቱን ከፍዬ ኤስፒኤስኤስ (የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር) ብማር ይሻላል ወይስ የሚቀድም ነገር አለ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘብሽን ያዢው። ሶፍትዌር በሁለት ሳምንት ልምምድ ይለመዳል፤ ደካማ ጥያቄ ይዘሽ ከገባሽ ግን ድካሙን በሚያምር ሰንጠረዥ ከማውጣት ሌላ የሚረዳሽ ነገር የለም። ኮርሱ የዘዴዎችን ስም አስጠንቶሻል። የቀረሽ አንድ ትንሽ ጥያቄን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሸከም ነው፤ እሱ ደግሞ በክረምት ይቻላል።

ከርዕሱ እንጀምር። «በደቡብ ወሎ የምግብ ዋስትና ሁኔታ» የሚል ርዕስ አማካሪ ፊት ብታቀርቢ «የማን? የመቼ? በምን ተለክቶ?» ይልሻል። በዚህ ፈንታ እንዲህ በይ፦ «በደሴ ዙሪያ ወረዳ ባለፈው ዓመት የበልግ ገብሳቸው የከሸፈባቸው አባወራዎችና እማወራዎች ለቀጣዩ ወቅት ዘር ከየት አገኙ?» አሁን የሚጠየቀው ሰው፣ ቦታውና ጊዜው ይታወቃል። መልሱም ይቆጠራል፦ ከራስ ጎተራ፣ ከዘመድ ብድር፣ ከገበያ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከእርዳታ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ለእናትሽ አስረድተሽ ካልጨረስሽ ጥያቄው ገና አልጠበበም።

ጥያቄው ሲያዝ ንባቡ መልክ ይይዛል። ሃያ ያህል ጽሑፎች ይበቃሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት በኢንተርኔት ክፍት ስለሆነ ከዚያ ጀምሪ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር ስጪና ጥያቄውን፣ ቦታና ዓመቱን፣ የናሙናውን ብዛት፣ ዘዴውን፣ ውጤቱን በአምስት ዓምድ ሙይ። «በዚህ ርዕስ ብዙ ጥናት አልተሠራም» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ሰንጠረዡ ከተሞላ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ምንጮችሽን ከመጀመሪያው ቀን ዞቴሮ በሚባለው የምንጭ ማደራጃ ሶፍትዌር ያዢ፤ ነፃ ነው።

ናሙና ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሁሉም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ይገለብጣል፦ ጠቅላላውን ብዛት፣ አንድ ሲደመር ጠቅላላው ብዛት በስህተት ህዳጉ (ግምቱ ከእውነተኛው ሊርቅ በሚችልበት መጠን) ካሬ ተባዝቶ በሚወጣው ማካፈል። በሦስት ቀበሌ 1,200 ቤተሰብ ካለና ህዳጉ 0.05 ከሆነ፣ 1,200 ለ4 ተካፍሎ 300 ይወጣል። ቀበሌዎቹ 600፣ 400 እና 200 ቤተሰብ ካላቸው ድርሻቸው 150፣ 100 እና 50 ነው። ከየቀበሌው ዝርዝር በየ4ኛው ስም ትመርጫለሽ፤ መነሻው ከ1 እስከ 4 ባለው በዕጣ ይውጣ። አሥር በመቶው መልስ ላይሰጥ ይችላል ብለሽ 30 ብትጨምሪ ግን ትሳሳቻለሽ፦ ከ330 ላይ 10 በመቶ ሲጎድል 297 ይቀራል። ትክክለኛው 300ን ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 334 ይሆናል።

ቀመሩ የማይነግርሽም አለ። የተሠራው ለመላው ናሙና አንድ መቶኛ ለመገመት ነው። ዓላማሽ እማወራዎችን ከአባወራዎች ማነጻጸር ከሆነና ከአምስት ቤተሰብ አንዱ በሴት የሚመራ ከሆነ፣ ከ300ው ውስጥ 60 እማወራ ብቻ ታገኛለሽ። በ60 ሰው የሚገመት መቶኛ እስከ 13 ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወዛወዝ ይችላል። እንግዲህ ወይ እማወራዎችን ለብቻ ዘርዝረሽ በርከት አድርገሽ ታወጫለሽ፣ ወይ ንጽጽሩን ትተያለሽ። ፈታኝ «ለምን 300?» ሲል «ቀመሩ ስላለ» የሚል መልስ አያስኬድም።

መጠይቁን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ወደ አማርኛ ከመለስሽው በኋላ፣ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ጥያቄው የተበላሸበት ነው። ከሚሴና ባቲ አካባቢ ከሆነ የኦሮምኛ ቅጂ ያስፈልጋል። «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል አስቀድመሽ ተርጉሚ፦ አንድ አባወራ ሁለት ሚስት ኖሮት ሁለት ቤት ሊያስተዳድር ስለሚችል፣ መለያው ከአንድ ድስት መብላት ይሁን። መሬት በጥማድ፣ እህል በቁና ይነገርሻል፤ የሰውየውን መለኪያ እንዳለ መዝግቢ፣ ቁናውም በዚያ መንደር ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ራስሽ መዝኚ፤ ወደ ሄክታርና ወደ ኩንታል የሚቀየረው በኋላ ቢሮ ውስጥ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጠይቂ፤ መስክ ላይ ወደ ፈረንጅ መቀየር ስህተት ያመጣል። «ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው አግኝተዋል?» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ዘሩ ደርሶ ማዳበሪያው የዘገየበት ሰው ምን ይበል? ጥያቄውን ሁሉ በአክብሮት ቃል ጻፊው፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌን አንተ የሚል መጠይቅ መልሱን ያሳጥረዋል።

ሌላው አደጋ እርዳታ ነው። ወረቀት ይዞ ጎተራ የሚጠይቅ ሰው በእኛ አካባቢ እርዳታ መዝጋቢ ይመስላል፤ ስለዚህ ያለው ያንሳል፣ የሌለው ይበዛል። በመግቢያው «ተማሪ ነኝ፣ ይህ ከእርዳታ ምዝገባ ጋር አይገናኝም» ብለሽ አስረጂ፤ የጎተራውን ጥያቄም ወደ መጨረሻ አሳልፊው። ቀኑንም ምረጪ። ባቲ አካባቢ ሰኞ ቤት ለቤት ብትሄጂ ሰው ገበያ ነው፤ የምታገኚው ገበያ መሄድ ያልቻለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ከሌላው ይለያል። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ የሄደውን አትጠብቂ፤ ሰዓቱን አዙሪ። የበልግ አጨዳና የመኸር እርሻ በሚደራረቡበት በሰኔና በሐምሌ ገበሬን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ አይሆንም።

የመጠይቁን ሙከራ በናሙናው ባልተካተተ ቀበሌ በ15 ሰው አድርጊ፣ ሰዓትም ያዢ። ከ40 ደቂቃ ካለፈ፣ በትንተናሽ ውስጥ ቦታ የሌላቸውን ጥያቄዎች አውጪ። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ባዶ ሰንጠረዦችን አስቀድመሽ ሥሪ፦ ርዕሱን፣ ዓምዱንና ረድፉን ጻፊ፣ ቁጥሩ ብቻ ይጉደል። የትኛውንም ሰንጠረዥ የማይሞላ ጥያቄ ይሰረዝ። መልሱን ስልክ ላይ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ብትሰበስቢ ነፃ ነው፤ ዕድሜ 150 ተብሎ እንዳይገባም መከልከል ይቻላል።

ከዚህ ወዲያ ሶፍትዌሩ ይመጣል፤ ለልምምድ የራስሽን መረጃ አትጠብቂ። ከ2011 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተሰበሰበው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ዳሰሳ ከዓለም ባንክ ድረ ገጽ በምዝገባ ብቻ በነፃ ይወርዳል። ተመዝግበሽ አውርጂና የቤተሰብ ብዛትን አማካይ ለማውጣት ሞክሪ። እንዲህ ባሉ መረጃዎች «አላውቅም» የሚለው መልስ እንደ 99 ባለ ቁጥር የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፤ እሱን ሳታወጪ ካሰላሽ አማካዩ ይዘላል። የኮድ መጽሐፉን (እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚዘረዝረውን) ከመረጃው በፊት የምታነቢው ለዚህ ነው።

የማስተርስ መግቢያውን በተመለከተ፣ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በአብዛኛው የቋንቋና የቁጥር ማመዛዘን ነው፤ የመውጫ ፈተናውም ኮርሶችሽን ይፈትናል። ለሁለቱም ለብቻቸው ጊዜ መድቢ። የጥናት ችሎታሽ የሚታየው በፕሮፖዛልሽና በድጋፍ ደብዳቤሽ ነው። መምህር «ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ከማለት ያለፈ ነገር እንዲጽፍ የሚጽፈውን ስጪው፦ በመስከረም ጥያቄውን፣ የናሙና ስሌቱንና የ15ቱን ሙከራ ውጤት በሁለት ገጽ ይዘሽ ቢሮው ግቢ፣ የትኛውን ጥያቄ ለምን እንደሰረዝሽም ጻፊበት። ለወረዳውና ለቀበሌው የሚሆነውን የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንትሽ በዚያው ሳምንት ጠይቂ፤ ማኅተሙ ከምታስቢው በላይ ይዘገያል።