«ድምፅሽ የሴት አይደለም» ተብላ ለተመለሰች ፀጉር ሠሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

የተከበርሽ እኅቴ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዕድሜሽ 24 እንደሆነ፣ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ፀጉር ቤት አምስት ዓመት እንደሠራሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ በመዘምራን መካከል እንደዘመርሽ፣ በቅርቡ ለፊልም ኦዲሽን ቀርበሽ ግን «ድምፅሽ የሴት አይደለም» ተብለሽ እንደተመለስሽ ጽፈሽልኛል። አንዲት ደንበኛሽ ስለ ቺሊያዊቷ ትራንስጀንደር (ስትወለድ ከተመዘገበችበት ጾታ በተለየ ጾታ የምትኖር) የፊልም ተዋናይት ስለ ዳንዬላ ቬጋ አጫውታሽ፣ እሷም ፀጉር ሠሪ እንደነበረች ስለሰማሽ፣ የሄደችበት መንገድ ለአንቺም ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ወንድምሽ ደግሞ «ከእንዲህ ያለች ሰው ምን ትማሪያለሽ?» እንዳለሽ አክለሻል።

ከወንድምሽ ጥያቄ ልጀምር። እኔ በበኩሌ ማንኛውንም ሰው እኔ ነኝ ብሎ በሚጠራበት ስም መጥራት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሷ የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ነው። ወንድምሽ በዚህ ባይስማማ እንኳ፣ አንድን ባለሙያ እዚያ ያደረሰው ምን እንደሆነ መመርመር ማንንም የሚጎዳ ነገር አይደለም።

ቬጋ እ.ኤ.አ. በ1989 በሳንቲያጎ ከተማ ተወለደች። ስትወለድ የተመዘገበችው ወንድ ተብላ ነበር፤ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሴት መሆኗን ስትገልጽ ቤተሰቧ ደግፏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ የኦፔራ አዘፋፈን ተምራለች። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ በሩ ሁሉ አልተከፈተላትም፤ በውበት ሳሎን ፀጉር እየሠራች ነበር ወደ ቴአትር የገባችው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከራሷ ሕይወት በተቀዳ ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች፤ ያ ተውኔት ለዓመታት ታይቷል። የመጀመሪያ ፊልሟ የወጣው ደግሞ በ2014 ነው።

ደንበኛሽ የነገረችሽ ፊልም «ድንቅ ሴት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የሰባስቲያን ሌሊዮ ሥራ ሲሆን፣ ቬጋ ወደዚህ ፊልም የገባችበት መንገድ ለአንቺ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ያገኛት ሊያማክራት እንጂ ሊያሠራት አልነበረም፤ ስለ ትራንስጀንደር ሴቶች ሕይወት የሚያውቀው ጥቂት ስለነበር የምታውቀውን እንድትነግረው ፈልጎ ነው። ውይይቱ እየቆየ ሲሄድ ግን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ መጫወት ያለባት እሷው እንደሆነች ወሰነ። ይህን ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ያን ጊዜ የመድረክ ልምድ ባይኖራት ኖሮ አማካሪ ሆና ትቀር ነበር። ገጸ ባሕርይዋ ቀን አስተናጋጅ፣ ማታ ዘፋኝ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው የኦፔራ ዜማም የቬጋ የራሷ ድምፅ ነው። በልጅነቷ የጀመረችው ልምምድ ከብዙ ዓመት በኋላ የፊልሙ ልብ ሆነ ማለት ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 በበርሊን ፌስቲቫል የስክሪፕት ሽልማት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ደግሞ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው የቺሊ ፊልም ሆነ። በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይ ቬጋ በግልጽ ትራንስጀንደር መሆኗ የታወቀ የመጀመሪያዋ የመድረክ አቅራቢ ነበረች። ሆኖም ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ መታወቂያዋ ላይ የነበረው ስም አሁንም የወንድ ስም ነበር፤ ስም ማስለወጥን የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው። ይህን የምነግርሽ ዝና የኑሮን ችግር ሁሉ ይፈታል ብለሽ እንዳትጠብቂ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ድራማ የወንጀል መርማሪ ፖሊስ ሆና ሠርታለች፤ የሕይወት ታሪኳን ብቻ እየደጋገመች አልቀረችም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ጎርናና ድምፅ ጉድለት ነው ያለሽ ሰው የሙያውን ታሪክ ዘንግቶታል። እዚያው ሰፈርሽ በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው ሀገር ፍቅር መድረክ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ተመልካቹም ተቀብሏቸዋል። አስናቀች ወርቁም ክራር እየመታች የምታዜም፣ በመድረክም የምትተውን ነበረች፤ ድምፅሽን ከትወናሽ ለይተሽ አትዪው። ነገር ግን ያልሠለጠነ ድምፅ ጎርናናም ሆነ ቀጭን ሩቅ አይሰማም። ስለዚህ በቅድሚያ ገንዘብሽን በድምፅና በአተነፋፈስ ሥልጠና ላይ አውዪ።

ፀጉር ቤቱን አትልቀቂ። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ገበያው የሚደራበት በመሆኑ ከፀጉር ቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግረሽ ሰኞን ለልምምድ አስፈቅጂ። በፊልም ቀረጻ ላይ የሚፈለግ ሙያም በእጅሽ አለ፤ ዛሬ በር ላይ የተቀረጸች ተዋናይት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሎን ስትገባ ስትቀረጽ ሹሩባዋም ሆነ ፔስትራዋ ያው መሆን አለበት፤ ይህን በፎቶግራፍ እየመዘገበ የሚጠብቅ ፀጉር ሠሪ ያስፈልጋል። የሠራሻቸውን ፀጉሮች ፎቶ አዘጋጅተሽ ለፕሮዳክሽን ቤቶች አሳዪ፤ እግረ መንገድሽን ተዋንያን እንዴት እንደሚሠሩ በቅርብ ታያለሽ። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደሽ ብሔራዊ ቴአትር የሚቀርበውንም ተከታተዪ።

ለኦዲሽን ገንዘብ የሚጠይቅሽን፣ ወይም ብቻሽን ማታ ወደ ሆቴል የሚጠራሽን ሰው እንዳታምኚ፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በሚቀጥለው ኦዲሽን ስለ ድምፅሽ አስተያየት ቢሰጥሽ ደግሞ ገጸ ባሕርይዋ ማን እንደሆነች፣ ዕድሜዋና ኑሮዋ ምን እንደሚመስል ጠይቂና ያንኑ ንባብ እንደገና እንድታነቢላቸው ፈቃድ ለምኚ። ሁለተኛውን ንባብ በስልክሽ ቅጂውና ላኪልኝ፤ አዳምጬ እመልስልሻለሁ።