ሆስታዬ የት ገባ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሆስታ ናቸው። ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከቻይና የመጣው ይህ ቅጠለ ሰፊ ተክል በአሜሪካና በአውሮፓ ከዛፍ ሥርና ከቤት ጥላ የማይታጣ ነው። የተወሰኑትን መርጫለሁ።

ባለፈው ሰመር የገዛነው ቤት በሰሜን በኩል የሚያማምሩ ሆስታዎች ነበሩት። ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሟሸሸ፤ አሁን ማርች ገብቶ ባዶ አፈር ብቻ ነው የማየው። ሌላ ልትከልበት? (ከሚኒያፖሊስ)

እባክዎ አይቆፍሩት፤ አልሞተም። ሆስታ በየዓመቱ ከመሬት በላይ ያለውን ሁሉ ጥሎ ሥሩና ጉንቁሉ ብቻ አፈር ውስጥ ይከርማል። ያ ብርድ ለእሱ እረፍቱ ነው። በእናንተ አካባቢ ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ ላይ ጫፉ የሾለ፣ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቡቃያ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ቅጠሉ ያን ጊዜ ጥብቅ ብሎ እንደተጠቀለለ ነው። ጫፉ በጫማ ከተረገጠ ከውስጡ የሚወጡት ቅጠሎች በሙሉ ተቀዳደው ይዘረጋሉ፤ ስለዚህ ቦታውን በትንሽ እንጨት ምልክት ያድርጉበት። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ውርጭ ይመጣል ከተባለ፣ ማታ ባልዲ ይድፉበትና ጠዋት ያንሱለት።

የሚቀጥለው ኖቬምበር ሲመጣ የሟሸሸውን ቅጠል ሰብስበው ያውጡ፤ ሥሩ ላይ ከተተወ የተባይ መደበቂያ ይሆናል። መልች (አፈሩን የሚሸፍን ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል) የሚያለብሱት መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የሆስታዬን ሥር ከፍዬ ለእህቴ መስጠት እፈልጋለሁ። መቼ ነው የሚሻለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ቡቃያው ብቅ ብሎ ቅጠሉ ሳይዘረጋ፣ ካልሆነም ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ። በሁለተኛው ጊዜ ከሆነ መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ሥሩ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልገዋል። በጁላይ ሙቀት ግን አይንኩት። ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ቆፍረው ያውጡና አፈሩን በውሃ ያጥቡት፤ ያኔ ጉንቁሎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እያንዳንዱ ክፋይ ከነሥሩ ሁለት ሦስት ጉንቁል ይኑረው። ሲተከልም በፊት ከነበረበት ጥልቀት አይለፍ።

ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ባለፈው ሰመር የነበረውን ቅጠሉን ያስታውሱ። በፈዛዛ ቅጠል ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም በስስ ወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የቅጠሉን ጅማት ይዞ ተሰራጭቶ ከነበረ፣ ያ ቦታም ጎርበጥ ያለ ከነበረ፣ የሆስታ ቫይረስ ኤክስ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሚኒሶታ ውስጥ ተለይቶ የታወቀ በሽታ ሲሆን መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ ነው፤ አንዱን የቆረጡበት ቢላዋ ሌላውን ይበክላል። የተጠረጠረውን ከነሥሩ ነቅለው በፌስታል ቋጥረው ይጣሉት፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት። ጤነኛ በሚመስሉት መካከልም ቢላዋውን እያጸዱ ይቁረጡ።

ማታ ሙሉ የነበረው ተክል ጠዋት አገዳው ብቻ ቀርቷል። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አጋዘን ነው። ሆስታ በጣም ይወዳል። እንቁላል ያለበት፣ በመጥፎ ጠረኑ አጋዘኑን የሚያርቅ መርጫ ይረዳል፤ ዝናብ ባጠበውና አዲስ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ግን መድገም ግድ ነው። አስተማማኙ አጥር ነው፤ እሱም ወደ 2.4 ሜትር ካልደረሰ ይዘለዋል። ተክሉ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ ከተበላ ግን እየቀጨጨ ይሄዳል።

እዚህ ስቶክሆልም ቀንድ አውጣ ቅጠሉን በሳስቶ ጨረሰብኝ።

ዛጎል የሌለው ዓይነቱ መሆን አለበት። ጨለም ሲል ባትሪ ይዘው በእጅ ይልቀሙት፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል። ውሃ የሚያጠጡት ጠዋት ይሁን፤ ማታ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ለእሱ ምቹ ነው። አይረን ፎስፌት (ቀንድ አውጣን የሚገድል የብረት ውህድ) ያለበትን ማጥመጃ ቡቃያው ገና ሲወጣ መበተን ከተበላ በኋላ ከመበተን በብዙ ይሻላል። አዲስ የሚገዙ ከሆነ ቅጠሉ ወፍራም የሆነውን፣ ለምሳሌ «ሃልሲዮን»ን ይምረጡ።

ውሻዬ ቅጠሉን ያኝካል። ይጎዳዋል?

አዎ። ውስጡ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ውሻንም ድመትንም ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። በልቶ ካዩት ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ ተክሉንም ውሻው ከማይደርስበት ያድርጉት።

አሜሪካ ያለችው ልጄ የሆስታ ሥር ልላክልሽ ትለኛለች። አዲስ አበባ ይበቅልልኛል?

እንዲተዉት ነው የምመክረው። ሆስታ በደህና ለማቆጥቆጥ ወደ 5 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ብርድ ለሳምንታት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ይሞቃል፤ ተክሉ እረፍት አያገኝም። መጀመሪያ ቢያወጣ እንኳ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ አገር ሥር ያለው ተክል ማስገባትም ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለዚያ ጥላ ቦታ ካላ ሊሊ ይትከሉ፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ነጭ አበባም ይሰጥዎታል። የጠዋት ፀሐይ ትንሽ ያግኘው፤ በበጋ ደግሞ አፈሩ እንዳይደርቅበት።