«ደረቀ» በእንግሊዝኛ ስንት ቃል ነው? ጥያቄና መልስ

እርጥበትን ስለ ማጣት የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚመለከት ጥያቄ ሁሉ እንዲቀርብልኝ ጋብዤ ነበር። በማስተማርና በማስተርጎም ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ ስሕተቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከአማርኛው መሆኑን ነው። ጠፈፈ፣ ነጠፈ፣ ጠወለገ፣ ተነነ፣ ሰለለ የሚሉ ግሦች እያሉን ሁሉንም «ደረቀ» ብለን ስንጀምር፣ ትርጉሙም «ድራይ» ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ «ድራይ ኦፍ»፣ «ድራይ አውት» እና «ድራይ አፕ» አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። «ድራይ ኦፍ» ውኃው ከላይ ከገጽ ሲወገድ ነው፤ ገላውን ታጥቦ በፎጣ የሚያደራርቅ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። «ድራይ አውት» ደግሞ ውስጥ ድረስ የዘለቀው እርጥበት ቀስ በቀስ ሲወጣ ይባላል፤ ዝናብ ያበሰበሰው ጫማም፣ ሳይሸፈን ያደረ ዳቦም በዚህ ይነገራል። «ድራይ አፕ» ግን ምንጩ ራሱ ማለቁን ያመለክታል፤ ጉድጓድ፣ ወንዝ፣ ከዚያም አልፎ የእርዳታ ገንዘብ ሲቋረጥ «ድራይ አፕ» አደረገ ይባላል። ለዚህኛው የእኛው «ነጠፈ» ልክክ ብሎ ይገጥማል። ወተቷ የነጠፈ ላም በእንግሊዝኛው «ጎ ድራይ» አደረገች ትባላለች፤ አርቢው ላሟ ከመውለዷ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ሆን ብሎ ማለቡን ሲያቆም ደግሞ «ድራይ ኦፍ» ይላል፤ ይህ ከላይ ከሰጠሁት ትርጉም የወጣ የሙያው አነጋገር ስለሆነ ለብቻው መያዝ አለበት። እንግሊዞች የታጠበ ሳህን በጨርቅ ማድረቅንም «ድራይ አፕ» እንደሚሉት አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ አበባዬ ጠወለገ ለማለት «ዊዘር» ልበል ወይስ «ዊልት»?

መልስ፦ ውኃ ሲጠጣ ቀና የሚል ከሆነ «ዊልት» ነው። ቅጠሉ የተንጠለጠለው በውስጡ ያለው የውኃ ግፊት ስለቀነሰ ብቻ ነውና ይመለሳል። «ዊዘር» ግን ወደ ሞት የሚሄደውን መድረቅ ይነግረናል። ቃሉ የአየር ጠባይ ከሚለው «ዌዘር» ጋር ሳይዛመድ አይቀርም፤ ለፀሐይና ለነፋስ ተጋልጦ መጎዳትን ያስታውሳል። የማቴዎስ ወንጌልን በሁለቱ ቋንቋዎች ያነበበ ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል፦ በምዕራፍ 12 እጁ ስለታመመችው ሰው ሲናገርም፣ በምዕራፍ 21 ስለ በለሲቱ ሲናገርም እንግሊዝኛው በዚሁ በ«ዊዘር» ይጠቀማል። አማርኛው ግን እጅን «ሰለለች»፣ በለስን «ደረቀች» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ የበለጠ የሚያብራራው የእኛው ቋንቋ ነው። መጠኑ አንሶ ለተጨማደደ ነገር፣ ለምሳሌ ወይን ዘቢብ ሲሆን፣ «ሽሪቨል» የሚለውን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ በውጭ አገር በጤና ተቋም አስተርጓሚ ነኝ። እናቶች «ልጄ ጠወለገብኝ» ሲሉ «ዲሃይድሬትድ» ብዬ ብተረጉም ስሕተት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ከልብ እንዲያዩት እለምናለሁ። «ዲሃይድሬትድ» ሰውነት ፈሳሽ አጥቷል የሚል የሐኪም ፍርድ ነው፤ እናትየዋ ግን ፍርድ አልሰጠችም፣ ያየችውን ተናገረች። የጠወለገ ሕፃን ማለት ዝልፍልፍ ያለ፣ ጨዋታው የጠፋ ማለት ስለሆነ «ሊምፕ ኤንድ ዊክ» ብለው ያስተላልፉ። በአንጻሩ ቃሉን እንዳለ «ዊልትድ» ብለው ቢያቀርቡት ሐኪሙ ግራ ይጋባል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንዲት እናት «አፉ ደርቋል፣ ዓይኑም ሰርጉዷል» ስትል ሁለቱን ጠቅልዬ «ዲሃይድሬትድ» አልሁ፤ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ «እሷ ያለችው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ የሚያስፈልጋት ዝርዝሩ ነበር፦ የዓይን መሰርጎድ፣ የአፍ መድረቅ፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ አለመመለስ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያስተላልፉ፣ ስያሜውን ለሐኪሙ ይተዉለት።

ጥያቄ፦ በዱባይ በሰው ቤት እሠራለሁ። ልብስ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ማንበብ አልችልም፣ አንድ ሹራብም አበላሽቻለሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ሥዕሎቹን ማወቅ ይበቃሻል። ካሬ ውስጥ ክብ ካለ «ተምብል ድራይ» ማለት ነው፤ በማሽን ይደርቃል፣ በክቡ ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ። ሥዕሉ በኤክስ ምልክት ከተሰረዘ ማሽን ውስጥ አታስገቢው። ካሬው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የቆሙ መስመሮች ካሉ «ድሪፕ ድራይ» ነው፤ ሳይጨመቅ እያንጠፈጠፈ ይድረቅ። አንድ የተጋደመ መስመር ካለ ደግሞ ልብሱን ዘርግተሽ አስተኚው፤ ሹራብ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ ከተሰቀለ በውኃው ክብደት ይለጠጣልና። ካሬ የሌለው ባዶ ክብ ለ«ድራይ ክሊኒንግ» ቤት የሚሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ «ድራይ ክሊኒንግ» እውነት በደረቁ ነው የሚታጠበው? «ደረቅ ቼክ»ንስ እንዴት እንተርጉመው?

መልስ፦ ልብሱ በፈሳሽ ይርሳል፣ ፈሳሹ ግን ውኃ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ፐርክሎሮኤትሊን የተባለው ኬሚካል ነው። «ደረቅ ቼክ»ን ቃል በቃል ብንወስደው ማንም አይረዳውም፤ እንግሊዝኛው ቼኩ «ባውንስ» አደረገ፣ ማለትም ነጥሮ ተመለሰ ነው የሚለው። ደረቅ ሰው ስንል ግትር ማለታችን ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን «ድራይ» የተባለ ቀልድ ፊት ሳይፈታ የሚነገር ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብ ግን ሳይለወጥ «ድራይ ፖርት» ነው።

ጥያቄ፦ ከቡና ንግድ ጋር በተያያዘ «ፓርችመንት» የሚለው ቃል «ፓርች» ከሚለው የመጣ ነው?

መልስ፦ ይመስላል፣ ግን አይደለም። «ፓርችመንት» ብራና ማለት ሲሆን፣ ስሙ በዮሐንስ ራእይ ከምናውቃት ከጴርጋሞን ከተማ የመጣ ነው። የታጠበ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ሲደርቅ ፍሬውን ሸፍኖ የሚቆየው ስስ ልባስ ብራና ስለሚመስል በዚህ ስም ተጠራ። «ፓርች» ግን በደረቅ እሳት መቁላት ነው፤ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቦዔዝ ለሩት የሰጣት «ፓርችድ ኮርን» ይባላል። «ኮርን» በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ማንኛውም እህል እንጂ በቆሎ አይደለም፣ ወቅቱም የገብስ አጨዳ ነበር። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያን ቃል ሲያይ የቆሎ ሽታ ቢመጣለት አልተሳሳተም። ዛሬ «ፓርችድ» የምንለው ዝናብ ያጣን መሬት ወይም ጉሮሮው የደረቀን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጎመን ቀቅዬ ውኃው ጠፈፍ ይበል ስል ምን ልበል?

መልስ፦ «ድሬይን»። ወንፊት ላይ አድርጎ ማንጠፍጠፍ ነው። ከ«ድራይ» እና ድርቅ ከሚባለው «ድራውት» ጋር ሥሩ አንድ ነው።