የማሪየታ ስም ያለበት መጽሐፍ

«ዩቲዩብ ላይ ሁሉ ነገር ሞልቶ ሳለ ሰው ለምን አሮጌ የጣሊያን የምግብ መጽሐፍ እያሳደደ ይገዛል? ልግዛ ካልኩስ ከየትኛው ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሮም ውስጥ ሰው ቤት ስሠራ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። በጣም የሚወደዱትን መጻሕፍት የጻፉት የሆቴል ሼፎች አይደሉም። አንዱ የሐር ነጋዴ ነበር። አንዷ የመጽሔት አዘጋጅ ነበረች። ሌላዋ በሳይንስ ዶክትሬት ይዛ፣ እስክታገባ ድረስ ድስት ጥዳ የማታውቅ ሴት ናት። የጻፉትም እናቱ አጠገቡ ለሌለች፣ «ይኼ እንዴት ነበር የሚሠራው?» ብሎ የሚጠይቀው ላጣ ሰው ነው። እኛ አገር ለቀን የወጣነው ቶሎ የምንወዳቸው በዚህ ይመስለኛል።

ነጋዴው ፔሌግሪኖ አርቱዚ ነው። በ1820 ፎርሊምፖፖሊ በምትባል፣ ሮማኛ በሚሉት የሰሜን ጣሊያን አውራጃ ባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1851 ኢል ፓሳቶሬ የሚሉት ሽፍታ ከነጭፍራው ከተማዋን ወረረ። ሀብታሞቹን ቲያትር ቤት ውስጥ አግቶ ቤታቸውን አስዘረፈ። የአርቱዚ እህት በዚያ ሌሊት በደረሰባት ግፍ አእምሮዋ ታወከ። ቤተሰቡም ከተማውን ጥሎ ፍሎረንስ ገባ። ይኼን የምነግርሽ መጽሐፉ ተጫዋች ስለሆነ ነው። እያሳቀሽ ስታነቢው የሰውየው ታሪክ እንዲህ ነው ብለሽ አትገምቺም።

አርቱዚ ፍሎረንስ ውስጥ ነግዶ ከበረ። ሳያገባ ሸመገለ። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ በ1891 «የወጥ ቤት ሳይንስና በደንብ የመብላት ጥበብ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ። የሚያሳትምለት ስላላገኘ አንድ ሺህ ቅጂ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ፕሮፌሰር ወዳጁ «ይኼ መጽሐፍ ብዙም አይሳካለትም» ብሎት ነበር። የትውልድ ከተማው ሰዎች ደግሞ በሎተሪ የደረሳቸውን ሁለት ቅጂ ወስደው ለትምባሆ ሻጭ ሸጡት። ይኼን ሁሉ ራሱ በመቅድሙ ላይ እየሳቀ ይተርከዋል። ኋላ ግን መጽሐፉ ተፈለገ። በ475 አሠራር የተጀመረው መጽሐፍ፣ እሱ በሞተበት ዓመት በ1911፣ 790 አሠራር ደርሶ ነበር። የጨመሩለት አንባቢዎቹ ናቸው። የቤት እመቤቶች ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ የእናታቸውን አሠራር ይልኩለታል። እሱ ቤቱ አስሞክሮ ጥሩ ሆኖ ያገኘውን ያስገባዋል። አስቢው፣ ጣሊያን አንድ አገር ከሆነች ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው። የአንዱ አውራጃ ሰው የሌላውን ቋንቋ በቅጡ አይሰማም። ፒዬሮ ካምፖሬዚ የሚባለው ምሁር አገሪቱን አንድ በማድረግ ረገድ የአርቱዚ መጽሐፍ ከማንዞኒ ታላቅ ልብ ወለድ የበለጠ ሠርቷል ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። የተጋነነ ሊመስልሽ ይችላል። ብዙ ጣሊያኖች ግን ይስማሙበታል።

አጻጻፉ ነው የሚይዝሽ። የቲማቲም ስጎ እንዴት እንደሚሠራ ከመናገሩ በፊት የአንድ ቄስ ወሬ ያመጣል። ቄሱ በሰው ጉዳይ ሁሉ አፍንጫውን ይከታል። ሰዉም «ዶን ፖሞዶሮ» ብሎ ስም አወጣለት፣ አባ ቲማቲም እንደማለት። ቲማቲም የማይገባበት የለማ! ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሽንኩርትና ሴለሪ የሚሄደው። ታሊያቴሌ የሚሉት ጠፍጣፋ ረጅም ፓስታ ላይ ሲደርስ ደግሞ የቦሎኛ ሰዎችን አባባል ይጠቅሳል፦ ሒሳቡ ይጠር፣ ታሊያቴሌው ይርዘም። ረጅም ሒሳብ ምስኪን ባሎችን ያስደነግጣል፣ አጭር ታሊያቴሌ የሠሪዋን ሙያ አልባነት ያሳብቃል ይላል። የዘመኑ ሰው ነውና አንዳንዱ ቀልዱ ዛሬ አይጥምም። ሰውየው ግን ከጎንሽ ተቀምጦ የሚያወራሽ ያህል ነው። ቪዲዮ ላይ ፊት ታያለሽ እንጂ እንዲህ ያለ ሰው ብዙም አታገኚም።

እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ነው። አርቱዚ ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ፍራንቼስኮ ሩፊሊ የሚባል ወጥ ሠሪና ማሪየታ ሳባቲኒ የምትባል የቶስካና ሴት። እሱ ይመርጣል፣ ይቀምሳል፣ ይጽፋል። እሳቱ ፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ «ፓኔቶኔ ማሪየታ» የሚል የኬክ አሠራር አለ። ማሪየታ ጎበዝ ባለሙያ፣ ቅንና ታማኝ ናት፤ ይኼን የተማርኩት ከእሷ ስለሆነ በስሟ ሊጠራ ይገባዋል ብሎ ጽፎበታል። ሲሞት ደግሞ የመጽሐፉን ገቢ ለሁለቱ አወረሳቸው። በሰው ወጥ ቤት ስንት ዓመት የቆመች ሴት ይኼን ስታነብ ምን እንደሚሰማት ላስረዳሽ አልችልም። የእኛ እህቶች ሮምና ሚላኖ ውስጥ ስንቱን ማዕድ ሠርተው አቅርበዋል፣ እንግዳው የሚያመሰግነው ግን ሲኞራዋን፣ የቤቱን እመቤት ነው። ማሪየታ ዛሬም በስሟ ትጠራለች። ፎርሊምፖፖሊ ውስጥ በ2007 በተከፈተው ካዛ አርቱዚ በሚባለው የምግብ ማዕከልም «ማሪየቴ» የሚባሉ የአካባቢው ሴቶች የእጅ ፓስታ ያስተምራሉ።

ሁለተኛዋ አዳ ቦኒ ናት። የሮም ልጅ ናት፣ በ1881 የተወለደች። አጎቷ ስመ ጥር ወጥ ሠሪ ነበር። በ1915 «ፕሬዚዮዛ» የሚባል የሴቶች መጽሔት ጀመረች። በ1920ዎቹ ደግሞ «የደስታ ጠልሰም» የሚባለውን ወፍራም መጽሐፏን አወጣች። ለሙሽራ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው። እኔ የሠራሁላቸው ሲኞራም ሲያገቡ የተሰጣቸው ነበር። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። ኞኪ የሚሉት የድንች ድብልብል ፓስታ ያለበት ገጽ ላይ ዱቄት ተጋግሮ ገጹ እንደ ካርቶን ደርቋል። ሲኞራ ዓይናቸው ሲደክም እኔን እያስነበቡ እሳቸው ያርሙኝ ነበር። ጣሊያንኛ ማንበብ የለመድኩት በዚህ ነው። አዳ ቦኒ እንደ አርቱዚ አታስቅም። ረጋ ያለች መምህር ናት። መጀመሪያ ምክንያቱን ትነግርሻለች፣ ከዚያ መጠኑን፣ ከዚያ ምን ሊበላሽ እንደሚችል። ሲኞራ ከእሷ ጋር ይጣሉ ነበር። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ቅቤው በዛ»፣ «ለአራት ሰው አይበቃም» ብለው ጽፈዋል። አሮጌ ቅጂ ስትገዢ ከመጽሐፉ ጋር እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በነጻ ይመጣልሻል።

ማርቼላ ሃዛን ሦስተኛዋ ናት። በ1924 ቼዜናቲኮ ተወለደች፣ ከአርቱዚ ከተማ ብዙ አይርቅም። ልጅ ሆና ግብፅ ውስጥ እስክንድርያ ቀኝ እጇ ተጎድቶ ዕድሜዋን ሙሉ አስቸግሯታል። በ1955 ቪክቶር የሚባል ሰው አግብታ ኒው ዮርክ ሄደች። ቋንቋው የለም፣ ዘመድ የለም፣ ሙያ የለም። የአዳ ቦኒን መጽሐፍ ይዛ ነው ወጥ ቤት የገባችው። ከመጽሐፉ ስታነብ የእናቷና የአያቷ ምግብ ጣዕሙ ትዝ እያላት ሠርታ ሠርታ ያዘችው። በ1973 የራሷን መጽሐፍ አወጣች። እሷ በጣሊያንኛ ትጽፋለች፣ ባሏ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። የዛሬ አሜሪካውያን ስለ ጣሊያን ምግብ የሚያውቁት ብዙው ነገር ከእሷ የመጣ ነው።

የእሷን የቲማቲም ስጎ ሞክሪ፣ ከሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ጣሳ የተላጠ ቲማቲም፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ለሁለት የተከፈለ አንድ ሽንኩርትና ጨው፣ በቃ። ሳትከድኚ ለዘብ ባለ እሳት 45 ደቂቃ ያህል አቆይው፤ ከዚያ ሽንኩርቱን አውጪው። እኛ ሽንኩርት ከትፈን፣ አቁላልተን፣ የወጡ መሠረት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንግዶቼ «ሽንኩርቱን ጣልሽው?» ብለው ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ድስቱን ይጠርጋሉ። ንጥር ቅቤ ግን እንዳትጨምሪበት። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ስጎውን ሌላ ነገር ያደርጉታል።

አሁን የማይመቸውን ልንገርሽ። አርቱዚ የምድጃ ዲግሪ አይሰጥም፣ አልነበረማ። «እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ» ይላል። ይኼ የፈረንጅ ልጅን ያደናግራል፣ አያቷ ድፎ ዳቦ ስትደፋ ያየች ግን ወዲያው ይገባታል። እንዲሁም የሰሜንና የመካከለኛው ጣሊያን ሰው ስለሆነ የደቡቡ ምግብ እሱ ዘንድ ትንሽ ነው። የአሳማ ስብ፣ አንጎል፣ እንቁራሪት ሁሉ አለበት። ስጋ የማትበዪ ከሆነና ለጾም ከፈለግሽው እየመረጥሽ ነው የምታነቢው፣ ባቄላና አትክልቱ ግን አያሳፍርሽም።

ከየትኛው ልጀምር ላልሽው፣ ለመሥራት ከሆነ ከማርቼላ ጀምሪ። በ1992 የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍቷ በአንድ ጥራዝ ተጠቃለው ወጥተዋል፣ እሱን ፈልጊ። ለማንበብ ከሆነ አርቱዚን። ጣሊያንኛ ከቻልሽ የደራሲነት መብቱ ጊዜው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉምም አለው። አዳ ቦኒን የምመክርሽ ጣሊያንኛ ካነበብሽ ብቻ ነው። በ1950 አሜሪካ የወጣው ትርጉም በጣም አጥሯል።

ሮም ካለሽ እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ሂጂ። ሻጩ «አንቲኮ ነው»፣ ጥንታዊ ነው ብሎ ዋጋ ሲቆልልብሽ አትደንግጪ። «የደስታ ጠልሰም» በየጊዜው የታተመ መጽሐፍ ነው፣ ብርቅ አይደለም። የታተመበትን ዓመት ፊት ለፊቱ ገልጠሽ እይ። መጨረሻው ላይ ያለው ማውጫ መኖሩንም አረጋግጪ፣ ብዙ ጊዜ ተቀዶ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ያለሱ ደግሞ እንዲህ ባለ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ምንም አታገኚም። ቆሻሻ ገጽ ግን አይክፋሽ። እንዲያውም በየትኛው ገጽ እንደቆሸሸ አይተሽ ከዚያ ጀምሪ።