የድረ ገጽዎ መልክ በአንድ ፋይል፤ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«የእንግዳ ማረፊያችንን ድረ ገጽ አንድ ወጣት ሠርቶልናል። የአርእስቶቹን ቀለም ልቀይር ስል ግን ሠላሳውንም ገጽ አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነብኝ። ደንቡ እንዲህ ነው?» (ከሐዋሳ)

አይደለም። ወጣቱ የቀለሙንና የፊደሉን ትእዛዝ በየገጹ፣ ምናልባትም በየአንቀጹ ውስጥ ጽፎት ይሆናል። ድረ ገጽ የሚሠራው ሁለቱን ነገር በመለየት ነው። ኤችቲኤምኤል ይዘቱን ይይዛል፤ ይህ አርእስት ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ የዋጋ ሠንጠረዥ ነው ይላል። መልኩ ደግሞ ሲኤስኤስ በሚባለው ቋንቋ ለብቻው በአንድ ፋይል ይጻፋል። ያ ፋይል ስታይል ሺት ይባላል። ሠላሳውም ገጽ ወደ እሱ ካመለከተ፣ እዚያ ውስጥ አንድ መስመር ሲቀይሩ የሁሉም ገጽ አርእስት አብሮ ይቀየራል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው በወቅቱ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማእከል በሰርን ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሃኮን ዊም ሊ ነው፤ ከበርት ቦስ ጋር አዳብረውት የመጀመሪያው ደረጃ በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዛሬ በየገጹ ቀለም መርጨት ምንም ምክንያት የለውም። ለጎብኚዎ የሚሰጠው ጥቅምም አለ፦ ብራውዘሩ ፋይሉን አንዴ አውርዶ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ለሚከፈተው ገጽ ሁሉ በዚያው ይጠቀማል። ዳታ እየገዛ ለሚጎበኝዎ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉንም በአንድ ሌሊት አያዛውሩት። መጀመሪያ በብዛት የሚታየውን ገጽ ያጽዱ፣ ስታይል ሺቱን በእሱ ላይ ይፈትኑ፣ ሌሎቹን ቀስ ብለው ያስከትሉ።

«ስታይል ሺቱን ቀይሬ ጫንኩት፤ ገጹ ግን ንቅንቅ አላለም።» (ከአዳማ)

ብራውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ፋይል እያሳየዎት ሊሆን ይችላል። ፋይሉን በለወጡ ቁጥር ስሙ ላይ ቁጥር ይጨምሩና ገጾቹ አዲሱን ስም እንዲጠሩ ያድርጉ። ያም ካልረዳ፣ አርእስቱ ላይ በቀጥታ የተጻፈ የቀለም ትእዛዝ ይፈልጉ። በተራ ሁኔታ እዚያው የተጻፈው ከፋይሉ ትእዛዝ ይበልጣል፤ ይሰርዙት።

«የማኅበራችንን ማስታወቂያ የምንለጥፈው በምስል ነው፤ አማርኛው በሰው ስልክ ላይ እንዳይበላሽ ብለን። ጉዳት አለው?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

አለው፣ ብዙም ነው። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አይፈለግም፤ የስብሰባውን ቀን በጉግል የሚፈልግ አባል ላያገኘው ይችላል። አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ካርታ ላይ መለጠፍ ያስቸግረዋል። በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ደቅቆ በጣት መጎተት ይመጣል። ማየት የተሳናቸው አባሎቻችሁ የሚገለገሉበት፣ የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸው ስክሪን ሪደር የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ከገጹ ላይ የሚያነበው ቃል አያገኝም። በማኅበር ውስጥ አንድም ሰው ከማስታወቂያ ውጭ መሆን የለበትም።

ፍርሃታችሁ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ አማርኛ የምንተይበው ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ እነሱ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ያሳያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ስምምነት) የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ያ ችግር መፍትሔ አለው። በእጃችሁ ያለው የቆየ ሰነድ በዚያ ዘዴ የተተየበ ከሆነ ስታይል ሺት አያድነውም፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ።

ከዚያ ፎንቱን ራሳችሁ አቅርቡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው። ፋይሉን ድረ ገጻችሁ ላይ አስቀምጡና ስታይል ሺቱ ውስጥ በፎንት ፌስ ትእዛዝ ጥሩት፤ የአንባቢው ስልክ የአማርኛ ፎንት ባይኖረውም አውርዶ ያሳያል። ዎፍ 2 በሚባለው የተጨመቀ ዓይነት ይሁን፣ ተራውና ቦልዱ ብቻ ይበቃሉ። ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ ፎንት ዲስፕሌይን ስዋፕ በሉት። ያማረ ፖስተር ካላችሁ አትጣሉት፤ ከሥሩ ሙሉ ቃሉን በጽሑፍ አስቀምጡ።

«የእንግሊዝኛ ገጼ ያምራል። አማርኛውን ስጨምር ተጨናንቆ ይታያል። ምን አጠፋሁ?» (ከአዲስ አበባ)

ጥፋቱ ለላቲን ፊደል የተለካ ልብስ ለአማርኛ ማልበስዎ ነው። ላቲን ትንንሽና ትልልቅ ፊደል ስላለው በመስመሮቹ መካከል አየር ይገባል። የእኛ ፊደል ሁሉም ቁመታም ነው፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ግድግዳ ይመስላሉ። የመስመሮቹን ርቀት የሚወስነውን ላይን ሃይት የተባለ ትእዛዝ 1.7 አካባቢ ያድርጉ፣ ቁጥሩን ያለ ፒክስል ይጻፉት። 24 ፒክስል ብለው ከወሰኑት ትልልቆቹ አርእስቶች ያንኑ ይወርሱና መስመሮቻቸው ይደራረባሉ። የፊደሉን መጠን ከእንግሊዝኛው አንድ ሁለት ፒክስል ከፍ ያድርጉት፤ የካዕብና የሣልስ ቅጥያዎች ሲደቅቁ ቃሉ ይሳሳታል።

ኢታሊክ አይጠቀሙ። በአብዛኞቹ የአማርኛ ፎንቶች ውስጥ ስለሌለ ብራውዘሩ ተራውን ፊደል አጋድሞ ያቀርብልዎታል፤ ያስቀይማል። ለማጉላት ቦልድ ወይም «ትእምርተ ጥቅስ» ይበቃል። ጽሑፉንም በሁለቱም ጠርዝ እኩል አያድርጉት። «እንደማይመለከታቸውም» የሚል ረጅም ቃል በጠባብ ስክሪን ላይ ወደሚቀጥለው መስመር ሲወርድ፣ የቀሩት ቃላት ተራርቀው ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ። በግራ ያሰልፉት፣ በቀኝ ይልቀቁት።

ይህን ሁሉ ለአማርኛው ብቻ ማድረግ ይቻላል። በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የቋንቋውን መለያ አማርኛ ብለው ይስጡ፤ ከዚያ ስታይል ሺቱ በዚያ መለያ አማርኛውን ለይቶ ያለብሰዋል፣ እንግሊዝኛው እንደነበረ ይቀራል።

«አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በገጼ ላይ ብጠቀም ምን ይላሉ?» (ከሚኒሶታ)

ቀለሞቹን ይጠቀሙ፣ ጽሑፍ ግን አያስይዟቸው። ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖር ድረ ገጽ አካል ጉዳተኞችንም እንዲያገለግል የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ይጠይቃል። ቢጫ ፊደል በነጭ መደብ ላይ 2 ለ 1 እንኳ አይደርስም። ቀይ በአረንጓዴ ላይም እጅግ ደካማ ነው፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። ሦስቱን ከላይ እንደ ቀጭን ጥለት አድርገው፣ ጽሑፉን በጥቁር ያስነብቡ።

«ገጼ በስልክ ሲከፈት እንደ ጋዜጣ ተጨማትሮ ይታያል።» (ከመቀሌ)

ገጹ በምን ስፋት እንደሚታይ ለስልኩ የሚነግረውን የቪውፖርት መስመር ረስተውታል። እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ያህል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል። በኤችቲኤምኤሉ ራስ ላይ ይጨምሩትና ስፋቱን ከመሣሪያው ስፋት ጋር እኩል ያድርጉት። ምስሎችንም ከፍተኛ ስፋታቸው 100 በመቶ እንዳይበልጥ በስታይል ሺቱ ይወስኑ። መጀመሪያ ለስልክ ይሥሩ፣ ለኮምፒውተር የሚሆነውን እንደ ስክሪኑ ስፋት በሚሠራው ሚዲያ ኩዌሪ በተባለ ትእዛዝ ከበታች ይጨምሩ።