ወንዝ ለማቅናት ለምትነሱ ልጆቼ

የውሃ ምህንድስና ተምራችሁ ለሥራ ወደ ሐዋሳ የምትመጡ ወጣቶች የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ «ጋቢዮኑ የት ይቁም?» ነው፤ በሽቦ መረብ ታስሮ የሚቆመውን የድንጋይ ግንብ ማለታችሁ ነው። አልፈርድባችሁም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሽቦና ድንጋይ እስካለኝ ድረስ የማላቆመው ጎርፍ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በእኛ ዘመን «ወንዝ ማቅናት» የሚለውን ቃል እንዳለ ነበር የወሰድነው፤ ጠማማውን ቀጥ አድርጎ፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ይዞ፣ ውሃውን ቶሎ መሸኘት። እኛ ብቻም አልነበርንም። አሜሪካኖች በፍሎሪዳ የኪሲሚን ወንዝ ከ1962 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ቆፍረው፣ እየተጠማዘዘ 166 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረውን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቦይ አሳጠሩት። ረግረጉ ደረቀ፣ የውሃ ወፎቹ ተሰደዱ። በ1999 ያንኑ የቆፈሩትን ቦይ መልሰው መድፈን ጀመሩ፤ የወንዙን ከፊል ወደ ድሮ መታጠፊያው ለመመለስ እስከ 2021 ፈጀባቸው። ኔዘርላንዶችም ከ1993 እና ከ1995 ጎርፍ በኋላ የወንዝ ዳር ክትሩን ብቻ ከፍ ከማድረግ ይልቅ በየቦታው ወደ ኋላ ወስደው፣ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ለቀቁለት።

እኔ ግን ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ቦረቦር ላይ ጋቢዮን አሠራሁ። ያማረ ሥራ ነበር፤ ፎቶግራፍ ተነሥቼበታለሁ። ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣና ግንቡን ሳይነካ በጎኑ ዞረ፤ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ እንሰት ከነሥሩ ይዞ ወረደ። ሰውየው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይህ ውሃ ድሮም በዚህ በኩል ነበር የሚሄደው» ብለው፣ ሣሩ ትንሽ ለምለም ብሎ የሚታይበትን መስመር አሳዩኝ። ለስድስት ወር ስመላለስበት አላየሁትም ነበር። ላይ ያለው ተራራ ተራቁቶ ሳለ ታች ግንብ ማቆሜም ሌላው ጥፋቴ ነው፤ እርከኑና ከከብት የተከለለው መሬት መቅደም ነበረባቸው።

ከሐዋሳ ሐይቅ በላይ ያለውን ጨለለቃን ተመልከቱ። ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ከተራራው የወረደው ደለል ሞልቶት ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ይህም ሆኖ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ከመግባቱ በፊት አፈሩን የሚያስቀርለት ይኸው ረግረግ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ረግረጉን አጠንፍፈን መሬት እናውጣ» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ፣ አለቃችሁም ቢሆን፣ ቶሎ እሺ አትበሉ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዘንድሮ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ጥቁር ውሃ ድልድይ ሂዱ፤ በብርጭቆ ውሃ ቅዱና ጠረጴዛችሁ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ከሥር የተኛውን አፈር በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዶ ገነት በኩል በእግራችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ዓመት ደግማችሁ ቅዱ።