የስቴንማርክ 86 ድሎች

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ የበረዶ ሸርተቴ ውድድርን የማየው የክረምት ኦሊምፒክ ሲመጣ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪን የስዊድናዊውን የኢንገማር ስቴንማርክን የ86 ድል ክብረ ወሰን መስበሯን ስሰማ የሰውየውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። አንድ ወዳጄ ግን «ስቴንማርክ አስፈሪውን የቁልቁለት ውድድር ሸሽቶ በቀላሉ ብቻ ድል የለቀመ ሰው ነው፤ በ1984ቱ ኦሊምፒክም አልተሳተፈም» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ስሙ ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወዳጅዎ ከተናገሩት ውስጥ እውነት አለበት። «በቀላሉ» የምትለዋ ቃል ግን ስላሳዘነችኝ ነገሩን ከእርሷ እጀምራለሁ። (ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዳውንሂል የሚባለው የቁልቁለት ውድድር ፍጥነትና ድፍረት ይጠይቃል፤ ተወዳዳሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይወርዳል፣ ያ ሰዓት ይያዝለታል። ስላሎምና ጃይንት ስላሎም የመታጠፍ ጥበብ ናቸው። ተወዳዳሪው በተተከሉት ምሰሶዎች መካከል ግራና ቀኝ እየታጠፈ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ የሁለቱ ዙር ሰዓት ይደመራል። በምሰሶዎቹ መካከል ካሉት መተላለፊያዎች (በሮች) አንዲቷን የሳተ ከውድድሩ ይወጣል። ለሁለተኛው ዙር ምሰሶዎቹ ተነቅለው በሌላ አቀማመጥ ስለሚተከሉ በመጀመሪያው ዙር የተማሩት መንገድ አይጠቅምም። ስቴንማርክ በዓለም ዋንጫ፣ ማለትም በየክረምቱ በተለያዩ ቦታዎች በሚካሄዱትና ነጥባቸው በሚደመር ውድድሮች፣ 46 ድሎቹን በጃይንት ስላሎም፣ 40ዎቹን በስላሎም አገኘ። በሌላ ዘርፍ አንድም ድል የለውም።

ስዊድን እኖር በነበረበት ዘመን አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ልጅ ሳለ ስቴንማርክ ሁለተኛውን ዙር የሚወርድበት ሰዓት ሲደርስ መምህራቸው ትምህርቱን አቋርጠው ቴሌቪዥን ወደ ክፍሉ ያስገቡ እንደነበር አጫውቶኛል። «የመጀመሪያውን ዙርስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የመጀመሪያውማ ምን ያደርጋል? እርሱ የሚያሸንፈው በሁለተኛው ነው» አለኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያገኘሁትን የድሮ ፊልም ሁሉ እየፈለግሁ ተመለከትሁ። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ጸጥ ይላል፤ ሥራው ሁሉ ከጉልበቱ በታች ነው። ሸርተቴ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት ፍጥነት ይጠፋል። የእርሱ ሸርተቴ ግን በጠርዙ በረዶውን ይዞ ቅስት እየሳለ ይሄዳል። ሌሎቹ ከምሰሶዎቹ ጋር ሲታገሉ እርሱ አብሯቸው የሚሄድ ይመስላል።

በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ የሆነውን ልንገርዎ። በጃይንት ስላሎም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሦስተኛ ነበር፤ ወርቁን ወሰደ። በስላሎም አራተኛ ነበር፤ አሜሪካዊው ፊል ሜር በአገሩ ሕዝብ ፊት እየመራ ሳለ ስቴንማርክ በሁለተኛው ዙር አለፈውና ሁለተኛውን ወርቅ ጨመረ። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ሰውየው ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ ወድቆ ጭንቅላቱ ከተጎዳ ከአምስት ወራት በኋላ ነው። የወደቀውም ወዳጅዎ «ሸሸው» ያሉትን ዳውንሂል ሲለማመድ ነበር! በ1981ም በኪትዝቡል ተዳፋት፣ ከዳውንሂል ሜዳዎች ሁሉ በሚፈራው ላይ፣ ለጥምር ውድድር (የዳውንሂልና የስላሎም ውጤት አንድ ላይ ለሚታይበት) ነጥብ ሲል ወረደ። ከኋለኞቹ ጋር ጨረሰ፤ ግን ወረደ።

ይህን አደጋ ለምን እንደተጋፈጠ ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ነው። ስቴንማርክ ከ1976 እስከ 1978 የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ ሻምፒዮንነት በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወሰደ፤ ያለ አንድ የዳውንሂል ነጥብ። ከዚያ በፊትም በ1975፣ 19 ዓመት ከሞላው ገና በአምስተኛው ቀን፣ ከጣሊያናዊው ጉስታቭ ቶኒና ከዳውንሂሉ ንጉሥ ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ክላመር ጋር በእኩል 240 ነጥብ ተያይዞ በቫል ጋርዴና ለመጨረሻው ውድድር ቀርቦ ነበር። ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን የሚወርዱበት ውድድር ነው፤ ክላመር ቀድሞ ወጣ፣ ስቴንማርክ በፍጻሜው ወደቀ፣ ዋንጫውን ቶኒ ወሰደ።

ከሦስቱ ዋንጫዎች በኋላ ደንቡ ተለወጠ። በ1978–79 የውድድር ዘመን ለአጠቃላዩ ደረጃ ከስላሎምም ከጃይንት ስላሎምም የሚቆጠሩት ሦስት ሦስት ምርጥ ውጤቶች ብቻ ሆኑ። አንድ ድል ያኔ 25 ነጥብ ነበር። ስለዚህ በሁለት ዘርፍ የሚወዳደር ሰው ቢበዛ 150 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ቢያሸንፍ ባዶ ነው። ስቴንማርክ በዚያ ዓመት ምን አደረገ? የተካሄዱትን አሥሩንም የጃይንት ስላሎም ውድድሮች አሸነፈ። ሦስት ስላሎም ጨመረ። በቼኮዝሎቫኪያ ያስና ላይ ሁለተኛ የወጣውን የዩጎዝላቪያውን ቦያን ክሪዣይን በ4.06 ሰከንድ ቀደመው፤ የሰከንድ መቶኛ በሚለይበት ስፖርት! አሥራ ሦስት ድል፣ 150 ነጥብ፣ አምስተኛ ደረጃ። ዋንጫው ለስዊዘርላንዳዊው ፒተር ሉሸር ሆነ። ሉሸር በሁሉም ዘርፍ የሚወዳደር ብርቱ ሰው ነበርና አልነቅፈውም፤ ደንቡን ግን እነቅፋለሁ። ሁለገብነትን ለማበረታታት ነው ቢባልም፣ አሥር ጊዜ ያሸነፈ ሰው ሰባቱ ድሎቹ እንዳልነበሩ ሲቆጠሩበት ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዳውንሂልን የተጋፈጠውም በዚሁ ደንብ ምክንያት ነው።

ወደ 1984 ልምጣ። ስቴንማርክ ወደ ሳራዬቮ ያልሄደው ስላልፈለገ አይደለም፤ ተከልክሎ ነው። ኦሊምፒክ ያኔ ለአማተሮች ብቻ ነበር። የማስታወቂያ ገንዘብ የሚያገኝ ተወዳዳሪ ገንዘቡ በፌዴሬሽኑ በኩል እስካለፈ ድረስ አማተር ይባላል። ስቴንማርክ ግን «ቢ» የሚባለውን ፈቃድ ይዞ ክፍያውን በቀጥታ ይቀበል ነበር። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ የተለየው የሚገባበት ኪስ ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት የሊችተንስታይኗ ሃኒ ቬንዘልም ታገደች። በሌክ ፕላሲድ በስላሎምና በጃይንት ስላሎም የተሰጡትን አራት ወርቆች የወሰዱት እነዚህ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ወርቆች ባለቤቶቻቸው በሌሉበት ለውድድር ቀረቡ። በወንዶች ጃይንት ስላሎሙን የስዊዘርላንዱ ማክስ ዩለን፣ ስላሎሙን ፊል ሜር አሸነፈ። ስቴንማርክ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው በ1988 በካልጋሪ ነው፤ 32 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት በስላሎም አምስተኛ ወጣ።

ስሙ ለምን ይከበራል ላሉት፣ የሚያከብሩት ከማንም በላይ ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። አሜሪካዊቷ ተወዳዳሪ ሊንድሴ ቮን ቁጥሩን ስታሳድድ ቆይታ በ82 ድል ላይ ሳለች፣ በ2019 ስዊድን ኦሬ ላይ የስንብት ውድድሯን ስትጨርስ ከታች አበባ ይዞ የጠበቃት ስቴንማርክ ነበር። ሺፍሪንም 86ኛዋንና 87ኛዋን ያገኘችው በዚያው በኦሬ፣ በመጋቢት 2023 በሁለት ተከታታይ ቀናት ነው። ከዚያ ወዲህ መቶን አልፋለች፤ ይገባታል።

ወዳጅዎ አሁንም ካላመኑ አብራችሁ የሌክ ፕላሲዱን ስላሎም ሁለተኛ ዙር ተመልከቱ። የሰውየውን ትከሻ አይዩ፣ አይንቀሳቀስም፤ እግሮቹን ይዩ። የመጀመሪያ ድሉን በታኅሣሥ 1974 በማዶና ዲ ካምፒሊዮ ሲያገኝ 18 ዓመቱ ነበር። 86ኛውን በየካቲት 1989 በአስፐን ሲያገኝ 33 ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።